ስትሮክ የመታውን እጅ ቤት ውስጥ ማሠራት

ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞርኩ የማሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ገና ከበር ሳልገባ "እጃቸው እኮ ሞቷል" ይሉኛል። አልሞተም። የተጎዳው አንጎል ውስጥ ትእዛዝ የሚወጣበት ቦታ ወይም ትእዛዙ የሚወርድበት መስመር ነው። አብዛኛው መስመር አከርካሪ ከመድረሱ በፊት ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል። ለዚህ ነው የአንጎል ግራው ሲመታ ቀኝ እጅ የሚዝለው።

የአዲስ አበባ ዋና መንገድ ሲዘጋ ሾፌር ውስጥ ለውስጡን እንደሚለምደው፣ አንጎልም ከተረፈው መስመር መውጫ ይፈልጋል። የሚለምደው ግን ሰውየው ራሱ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። በቅቤ መታሸት ደስ ይላል፤ ትእዛዝ ማስተላለፍን ግን አያስተምርም።

ሐኪም "ጀምሩ" ካላችሁ በኋላ ከትከሻ ተነሱ። ስታነሷቸው የዛለውን እጅ በፍጹም አትጎትቱ፤ የሚደግፈው ጡንቻ ስለደከመ ትከሻው ከቦታው ይወርዳል። ሲቀመጡ ክንዳቸው ሥር ትራስ አድርጉ።

ከዚያ ትሪ ላይ ባቄላ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ ወደ ሳህን አስለቅሟቸው። ሲለምዱ ሽምብራ፣ በመጨረሻ ምስር። ጣታቸውን ብቻ አትዩ። ባቄላዋን ለማንሳት ሲታገሉ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ከወጣ ደክመዋል ማለት ነው፤ አሳርፏቸው።

ጣቶቹ ተጨብጠው ከደረቁ ኳስ አታስጨብጡ። መጨበጡንማ ችሎታል፣ ያቃተው መከፈት ነው። በጉልበት ጣት መፈልቀቅም አይሆንም። መጀመሪያ የእጅ አንጓውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች እጠፉት፤ ጣቶቹ ላላ ይላሉ። አውራ ጣትን ከሥሩ ይዛችሁ ክፈቱ፣ ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት።

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ጉርሻ ነው! እናት ታመው ልጅ ዝም ብሎ አያይም፣ ይገባኛል። ግን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ካጎረሳችኋቸው አንጎላቸው ያንን እጅ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። እንጀራውን ጠቅልላችሁ የታመመው እጃቸው ላይ አድርጉና ክርናቸውን ደግፉ። ቢፈስ ይፍሰስ። ሲውጡ የሚያስላቸው ወይም ትን የሚላቸው ከሆነ ግን ከማብላት በፊት ሐኪም ይያቸው።

እጁ ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መስታወት ሞክሩ። በሁለቱ እጆች መሃል አቁሙት፤ የታመመው ከጀርባው ይደበቅ። ደህናውን እያንቀሳቀሱ መስታወቱን ሲያዩ የታመመው የተንቀሳቀሰ ይመስላቸዋል። ብዙዎች መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ግን እየሞከሩ።

ሁለት ነገር አትርሱ። አፍ ከተጣመመ፣ ሌላ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ ሌላ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቤት አሠራለሁ ሳትሉ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሌላው፣ የዛለ እጅ ሙቀት ላይሰማው ይችላል፤ ሲኒ ማንሳት ስታለማምዱ ባዶውን ስጧቸው።