ብቻችሁን ሂዱ፦ ዳንስ ክፍል ለመጀመር ላሰባችሁ

ዳንስ መማር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ እርምጃ አይደለም። «አብሮኝ የሚማር ሰው የለኝም፣ ብቻዬን ብሄድ ችግር አለው?» ነው የሚለኝ። ምንም ችግር የለውም። እንዲያውም ብቻችሁን ብትሄዱ ቶሎ ትለምዳላችሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አብዛኛው የዳንስ ክፍል ሰው እያቀያየረ ነው የሚያስተምረው። ክብ ሠርታችሁ ትቆማላችሁ፣ አንዱን ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ ትሞክራላችሁ፣ ከዚያ አስተማሪው «ቀይሩ!» ሲል ወደሚቀጥለው ሰው ትሻገራላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ሰው ጋ ትደርሳላችሁ። አንዱ ክንዱ ድርቅ ያለ ነው፣ አንዷ ከሙዚቃው ትቀድማለች፣ ሌላው በቁመት ከእናንተ ብዙ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ትምህርት ነው። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ የሚደንስ ግን የዚያን ሰው ስህተት ይለምደውና ስህተት መሆኑን እንኳ ማወቅ ያቅተዋል። ከፍቅረኛችሁ ጋር ከሄዳችሁም ቢያንስ ግማሹን ሰዓት ተለያዩ። ጥንዶች «አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው ሲቀይሩ ግን ሁለቱም የሚያስተካክሉት ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባቸዋል።

የትኛውን ዳንስ ልጀምር? በዓለም አቀፉ የውድድር ስልት ቦልሩም፣ ማለትም በጥንድ የሚደነሰው የአዳራሽ ዳንስ፣ 10 ዳንስ ነው። ስታንዳርድ የሚባሉት አምስቱ ዋልትዝ፣ ታንጎ፣ ቪየና ዋልትዝ፣ ፎክስትሮትና ኩዊክስቴፕ ናቸው፤ ላቲን የሚባሉት ደግሞ ሳምባ፣ ቻ ቻ ቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ። ከነዚህ ውጪ ሳልሳ፣ ባቻታ፣ ኪዞምባ፣ ስዊንግና የአርጀንቲና ታንጎ አሉ፣ የራሳቸው ክፍል፣ የራሳቸው ምሽት፣ የራሳቸው ሰው ያላቸው። ታንጎ ላይ ስትመዘገቡ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ የቦልሩሙ ቁርጥ ቁርጥ ያለና በተወሰኑ ቅርጾች፣ ማለትም አስቀድመው በተዘጋጁ የእርምጃ ቅንብሮች፣ የሚሄድ ነው፣ የአርጀንቲናው ግን ተቃቅፎ፣ እርምጃውን እዚያው ወለል ላይ እየፈጠሩ የሚደነስ ነው። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ አንዱን የተማረ ሌላውን እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

የእኔ ምክር፣ ሳትሰለቹ መስማት የምትችሉትን ሙዚቃ ምረጡ። ለወራት እሱኑ ነው የምትሰሙት። ምርጫ ከሌላችሁ ዋልትዝ ጥሩ መነሻ ነው፤ በደቂቃ ከ84 እስከ 90 ምት ነው፣ ሦስት ሦስት እያላችሁ ትቆጥሩታላችሁ፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ቪየና ዋልትዝ ግን ወደ 180 ስለሚጠጋ ለመጀመሪያው ወር አይሆንም። ሞቅ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ባቻታ አለ፦ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን፣ በአራተኛው ነካ፣ ከዚያ መመለስ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ዘፈን ሙሉ መደነስ ትችላላችሁ። ሳልሳ ስምንት ተቆጥሮ 4 እና 8 ላይ እግር ያርፋል፤ ጀማሪን የሚያስቸግረውም ያ እረፍት ነው፣ ሰው ዝም ብሎ መቆየት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከሁሉም በፊት መማር ያለባችሁ ክብደታችሁን ከእግር ወደ እግር ማሳለፍን ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ክፍል ውስጥ ከማየው ስህተት አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

በዋልትዝ ሳጥን እርምጃ እናሳየው። የሚመራው ሰው፣ ማለትም ጥንዱ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው፣ በአንድ ግራ እግሩን ወደፊት ያራምዳል፣ በሁለት ቀኙን ወደ ጎን ይወስዳል፣ በሦስት ግራውን ከቀኙ ያገጣጥማል። ከዚያ ቀኙን ወደኋላ፣ ግራውን ወደ ጎን፣ ቀኙን ያገጣጥማል። የምትከተለው ተቃራኒውን ትሠራለች፣ በቀኝ እግሯ ወደኋላ ትጀምራለች። ችግሩ ያለው ሦስት ላይ ነው። ጀማሪ ግራ እግሩን ያገጣጥምና ጣቱን መሬት አስነክቶ ይተወዋል፤ ክብደቱ ግን አሁንም ቀኙ ላይ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው አንድ ቀኙን ማንሣት ሲፈልግ ቀኙ እምቢ ይላል፣ ያው ግራው ይነሣል፣ ሁለቱም ጉልበት ለጉልበት ይጋጫሉ። ሰውየው እርምጃውን የረሳ ይመስለዋል። አልረሳውም፣ ሦስት ላይ አልቆመበትም እንጂ።

ቤት ውስጥ እንዲህ ተለማመዱ። ያለ ሙዚቃ አንድ እርምጃ ሂዱና ቁሙ። ሌላኛውን እግር ሳትንገዳገዱ ከመሬት ማንሣት ከቻላችሁ ክብደቱ አልፏል፤ ካልቻላችሁ አላለፈም። በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቻ ቻ ቻ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። የዚህ ዳንስ ስም የመጣው የደናሾች ጫማ ወለሉን ሲያሽ ከሚሰማው ድምፅ ነው ይባላል፤ ሙዚቃውን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ኩባዊው ቫዮሊኒስት ኤንሪኬ ሆሪን ነው። ሦስቱ ፈጣን እርምጃዎች ከጫማችሁ ሥር ካልተሰሙ እግራችሁን ከወለሉ አብዝታችሁ እያነሣችሁ ነው።

ቀጥሎ አያያዝ። በስታንዳርድ ዳንስ የመሪው ቀኝ እጅ የተከታዩዋ ግራ ትከሻ አጥንት ላይ፣ ከጀርባ በኩል ያርፋል፤ የእሷ ግራ እጅ የእሱ ላይኛ ክንድ ላይ። መምራት በክንድ መግፋትና መጎተት አይደለም። ደረታችሁ ወዴት እንደሚሄድ ነው ሌላው ሰው የሚያነበው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በጀመርኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ጠና ካሉ ሴትዮ ጋር ስደንስ ዘፈኑ መሃል ላይ ቀስ ብለው «ልጄ፣ አውራ ጣትህን ልቀቀው» አሉኝ። መዞሪያው ጋ በደረስን ቁጥር እጃቸውን እየጨመቅኩ ነበር፣ ራሴ አላወቅኩም። ጣቴን ስከፍት እጃቸው መዳፌ ውስጥ እንደ ልቡ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ሲያስቸግረው መጀመሪያ የማየው አውራ ጣቱን ነው።

ለምትከተሉ ደግሞ አንድ ነገር፦ አትገምቱ። ትናንት ክፍል ውስጥ ያንን ቅርጽ ስለተማራችሁ ዛሬም እሱ ይመጣል ብላችሁ ቀድማችሁ አትሂዱ። ጠብቁ። መዘግየት ከመቅደም ይሻላል።

ጫማ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ አትቸኩሉ። የሩጫ ጫማ ግን አታድርጉ፤ ላስቲኩ ወለሉን ይይዛል፣ እናንተ ስትዞሩ እግራችሁ እዚያው ይቀራል፣ የሚጣመመው ጉልበታችሁ ነው። ሶሉ ለስለስ ያለ፣ ከእግር የማይወልቅ ማንኛውም ጫማ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሆናል። በኋላ የዳንስ ጫማ ስትገዙ ሶሉ ሻካራ ቆዳ ይሆናል፤ እሱን ይዛችሁ ደጅ አትውጡ፣ ሲላግም በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት።

ወለል ላይ ስትወጡ ዋልትዝ፣ ፎክስትሮትና ታንጎ አዳራሹን እየዞሩ ይሄዳሉ፣ ሁልጊዜ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አቅጣጫ። ቀስ የምትሉ ከሆነ ወደ መሃል ጠጋ በሉ፣ ዳሩን ለፈጣኖቹ ልቀቁ። ሩምባ፣ ቻ ቻ ቻና ሳልሳ ባሉበት የሚደነሱ ናቸው፣ እነሱን ስትደንሱ መንገድ አትዝጉ። ከተጋጫችሁ ይቅርታ በሉ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን።

ንጽሕና ላይ አላፍርም፣ በግልጽ ነው የምናገረው። ታጥባችሁ ሂዱ፣ ዲዮድራንት ተቀቡ፣ አፋችሁን ተንከባከቡ፣ ላብ የሚያበዛባችሁ ከሆነ ቅያሪ ሸሚዝ ያዙ። ሽቶ ግን አታብዙ፣ ፊቱ ከፊታችሁ በስንዝር ርቀት ላይ ያለ ሰው አለ። ለዳንስ የጠየቃችሁት ሰው «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካላችሁ ምክንያት አትጠይቁ። የሚያማችሁን ወይም የማይመቻችሁን ነገር ወዲያው ተናገሩ፣ በጨዋ ክፍል ውስጥ ማንም አይቀየማችሁም፤ የሚቀየም ካለ ለአስተማሪው ንገሩ። በዳንስ ምሽት ላይ ደግሞ ሳይጠየቁ ማስተማር ነውር ነው። የማታውቁትን ሰው ወደኋላ አታስተኙ፣ ወገቡ ምን እንዳለበት አታውቁም።

ወደ ዳንስ ምሽቱ ለመሄድ «በደንብ ስችል» አትበሉ። ከአራት አምስት ክፍል በኋላ ሂዱ። ቤዚኩን፣ መሠረታዊውን እርምጃ፣ ብቻ እየደጋገማችሁ፣ ሙዚቃውን ጠብቃችሁ፣ ሦስት ሰው ጠይቃችሁ ደንሱና ወደ ቤት ግቡ። አሥር ቅርጽ እያወቀ ከምት ከሚወጣው ይልቅ ሁለት እርምጃ በልኩ ከሚሄደው ጋር መደነስ ደስ እንደሚል ማንኛዋም ተከታይ ትነግራችኋለች።

ስድስት ወር ገደማ ስትደፍኑ ደግሞ ወደ ጀማሪው ክፍል ተመለሱ፣ በዚህ ጊዜ ግን በሌላው ወገን። ስትመሩ የነበራችሁ ተከተሉ፣ ስትከተሉ የነበራችሁ ምሩ። ብዙ ክፍል አንዱ ወገን ስለሚጎድለው አስተማሪው በደስታ ነው የሚቀበላችሁ። በመጀመሪያው ሰዓት የሚጨመቅ እጅ ምን እንደሚመስል በራሳችሁ እጅ ታውቁታላችሁ።