የግማሽ ቀን የኳድ ባይክና የግመል ጉዞ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአሸዋ ላይ የሚደረገው የግማሽ ቀን ጉዞ ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ያገናኛል፤ የሚጮህ ሞተር (ኳድ ባይክ፣ ባለ አራት ጎማ ሞተር)ና ጩኸት የማይወድ እንስሳ። ችግሩ የሚታየው መንገድ ላይ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ከመነሻው ቦታ ሳይለቁ ነው። ጎማው አልተለካም፣ የኮርቻው ጠፍር አልጠበቀም፣ ለተጓዡ በአግባቡ አልተነገረውም። ከዚህ በታች ያለው ምክር ቡድን ለሚመራ አስጎብኚም ሆነ ለራሱ ማወቅ ለሚፈልግ ተጓዥ የተጻፈ ነው።

ኳዱ አልነሳ ሲል

ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ጨርሶ ካልዞረ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ በመሪው ግራ በኩል ያለው ቀይ የሞተር ማጥፊያ ተዘግቶ ይሆናል፤ ጓንት ያደረገ ተጓዥ ሳያውቀው ይነካዋል። ሁለተኛ፣ ከነጂው እጅ ወይም ልብስ ጋር የሚታሰረው የደህንነት ገመድ ከመሰኪያው ወልቆ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ብዙ ኳዶች ማርሹ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ላይ ካልሆነና ፍሬኑ ካልተያዘ አይነሱም። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የባትሪውን ጫፎች በእጅ ነቅንቁ። መንገጫገጡ ብሎኖቹን ያላላቸዋል። ቁልፉን ስትጫኑ «ጠቅ» ብቻ ካለ ጫፉ ላልቷል ወይም ባትሪው ደክሟል። መብራቱም ድምፁም ከሌለ ፊውዙን ፈትሹ። ትርፍ ፊውዝ ብዙውን ጊዜ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ አለ።

ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልያዘ ደግሞ ወደ ነዳጁ ሂዱ። ባለካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ክፍል ያለው) ኳድ ላይ የቤንዚን መዝጊያው ተዘግቶ ይሆናል፣ ወይም ነዳጁ አንሶ ወደ መጠባበቂያው መዞር ይኖርበታል። ኃይለኛ የቤንዚን ሽታ ካለ ነዳጅ በዝቶበታል ማለት ነው። ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ማስነሻ አየር የሚቀንሰውን) አጥፉ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ጫኑ፣ ከ5 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ አስነሱ፣ 15 ሰከንድ አሳርፉ፣ ድገሙ። ያለ ዕረፍት መሞከር ባትሪውን ይጨርሳል፣ ሞተሪኖውንም ያቃጥላል። አሁንም እምቢ ካለ ካንዴላውን (ብልጭታ ሰጪውን) ፍቱ። እርጥብ ከሆነ አድርቁት፣ ጥቀርሻ ከያዘ ቀይሩት። ትርፍ ካንዴላና መፍቻው ከመሪው አስጎብኚ ቦርሳ መጥፋት የለባቸውም።

ጥሩ ሲሄድ ቆይቶ መንገድ ላይ ሲጠፋ

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ካርቡራተሩን ይጠረጥራሉ፣ ይፈታሉ፣ ጉዞው እዚያው ያልቃል። ኳዱ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ደህና ሄዶ፣ እየተንተፋተፈ ጠፍቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ያለ ምንም ጥገና የሚነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የነዳጅ ጋኑ ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ቀዳዳ በአቧራ ስትደፈን፣ ቤንዚኑ በጎደለ ቁጥር አየር ስለማይተካው ፍሰቱ ይቆማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ልክ እንደጠፋ ክዳኑን ክፈቱ። አየር ሲገባ «ፉስ» የሚል ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ መንስኤው ተገኝቷል። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ አጽዱ፤ ከክዳኑ የሚወጣ የላስቲክ ቱቦ ካለም አለመታጠፉን እዩ። ይህን ስታደርጉ ሞተሩ የጠፋ ይሁን፣ ሲጋራ የያዘ ሰውም አጠገባችሁ አይቁም።

ኳዱ የሚጠፋ ሳይሆን ጉልበት የሚያጣ፣ ጥቁር ጭስ የሚያወጣና ቤንዚን የሚያበዛ ከሆነ የአየር ፊልትሮው ተደፍኗል። በተለይ ከሰልፉ ኋላ የሚሄደው የሌሎቹን አቧራ በሙሉ ስለሚስብ ቀድሞ ይታመማል፤ ኳዶቹን በየቀኑ በተራ ከኋላ ማሰለፍ ጉዳቱን ያካፍላል። በአሸዋ ላይ የዋለ የስፖንጅ ፊልትሮ በዚያው ቀን ይታጠባል። በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ጨምቁት እንጂ አትጠምዝዙት፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ቀለሙ እኩል እስኪሆን የፊልትሮ ዘይት አጠጡትና ትርፉን ጭመቁ። በቤንዚን ማጠብ እሳት ከመጋበዙም በላይ የስፖንጁን ማጣበቂያ ይፈታዋል። ዘይት የሌለው ደረቅ ስፖንጅ ጥቃቅኑን አሸዋ አይዝም። ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ለጊዜው ጉልበት የመለሰ ይመስላል፤ አሸዋው ግን ሲሊንደሩን እየፋቀው ነው።

የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከመጣ ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ብዙ አውቶማቲክ ኳዶች ጉልበታቸውን ወደ ጎማ የሚያስተላልፉት በላስቲክ ቺንጋ ነው። በከፍተኛው ማርሽ ለስላሳ አሸዋ ላይ ቀስ እያሉ መግፋት፣ ከተፈቀደው በላይ መጫን፣ ፍሬን ይዞ ጋዝ መስጠት፣ ሦስቱም ያቃጥሉታል። ቢያንስ 10 ደቂቃ አብርዱት፣ ከዚያ በዝቅተኛው ማርሽ ቀጥሉ። ውሃ ተሻግራችሁ ከሆነ በቺንጋው ቤት ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ አፍስሱና ማርሹን ፎሌ አድርጋችሁ ሞተሩን እያስጮሃችሁ አድርቁት። ደርቆም ቀዝቅዞም ከተንሸራተተ ቺንጋው አልቋል፤ ያ ኳድ ሰው ሳይጭን ወደ መነሻው ይመለስ። ማርሽ ሲለወጥም ኳዱ ሙሉ በሙሉ ይቁም።

ወደ አንድ ጎን ሲስብ፣ አልታጠፍ ሲል፣ ሲሰምጥ

የኳድ ጎማ ከመኪና ጎማ እጅግ ያነሰ አየር ነው የሚይዘው፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)። ትክክለኛው ቁጥር ራሱ ኳዱ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ አለ። የመኪና መለኪያ ይህን ያህል ዝቅተኛ ግፊት በትክክል ስለማያነብ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ያስፈልጋል። መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ መጀመሪያ የግራና የቀኙን ጎማ ግፊት አወዳድሩ፤ የ1 ፒኤስአይ ልዩነት እንኳ ይሰማል። ልኬቱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይሁን። ግፊቱ እኩል ሆኖ ከሳበ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሃል አስጠጉ (አትንኩ)። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል። ካልጋለ የመሪው ዘንግ ድንጋይ መትቶት ጎብጦ እንደሆነ እዩ።

ጀማሪው «መሪውን ባዞርም ቀጥ ብሎ ይሄዳል» ካለ ግን ብልሽት የለም። በብዙ ኳዶች ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ ዘንግ ላይ ስለተያያዙ እኩል ይዞራሉ፤ መታጠፊያ ላይ ደግሞ የውጪኛው ከውስጠኛው በላይ መጓዝ አለበት። ስለዚህ ነጂው በሰውነቱ ማገዝ አለበት። ከመታጠፊያው በፊት ጋዙን ቀንሶ፣ ደረቱን ወደሚታጠፍበት አዘንብሎ፣ ክብደቱን በውጪኛው እግር መርገጫ ላይ ያሳርፋል። ሽቅብ ሲወጣ ወደ ፊት፣ ቁልቁል ሲወርድ ወደ ኋላ፣ በተዳፋት ሲያቋርጥ ወደ ዳገቱ በኩል ያዘነብላል። ይህ በቃል ብቻ አይገባም። ሜዳ ላይ የስምንት ቁጥር ቅርፅ እየሠራ 10 ደቂቃ ይለማመድ።

በልምምዱ ላይ እግርና አውራ ጣት ላይ አተኩሩ። ኳዱ የሚገለበጥ የመሰለው ሰው እግሩን መሬት ያስነካል፤ የኋላው ጎማም ይወጣበታል። እግር ምንጊዜም ከመርገጫው አይነሳ። ጋዙ የሚሰጠው በአውራ ጣት ነው፤ የደነገጠ ሰው መሪውን ጭምቅ ሲያደርግ ጋዙንም አብሮ ይጫናል፣ ከፊቱ ካለው ኳድም ጋር ይላተማል። ብዙ ኳዶች የጋዙን እንቅስቃሴ የምትገድብ ብሎን አለቻቸው። ለጀማሪ ሳትሰስቱ አጥብቁለት፤ ቅር ቢለው ይሻላል። በኳዶቹ መካከል ከ20 እስከ 30 ሜትር ይኑር፤ አቧራው የፊተኛውን ከሸፈነው ይጨመር። ብዙ አምራቾች ከ90 ሲሲ (የሞተር መጠን) በላይ የሆነ ኳድ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይፈቅዱም። ለአንድ ሰው የተሠራ ወንበር ላይም ሁለተኛ ሰው አይቀመጥም።

ኳዱ ከሰመጠ ጋዝ አትጨምሩ፤ ጎማው ራሱን ይቀብራል። ውረዱ፣ ከጎማዎቹ ፊት ያለውን አሸዋ እንደ መወጣጫ አድርጋችሁ ዛቁ፣ በዝቅተኛ ማርሽ በትንሽ ጋዝ አውጡት። የሚገፉት ሰዎች በጎን ይቁሙ እንጂ በቀጥታ ከጎማው ኋላ አይሁኑ።

ግመሉ ዘንድ ስትደርሱ

ተጓዥ ከግመል ላይ በብዛት የሚወድቀው ግመሉ ሲነሳና ሲንበረከክ ነው። ግመል ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን ስለሚዘረጋ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወረወራል፤ የፊቶቹን ሲያነሳ ደግሞ ወደ ኋላ። ስለዚህ ግመሉ ከመነሳቱ በፊት የኮርቻውን እጀታ በሁለት እጅ ያዙ፣ ክንዳችሁን ዘርጉና ወደ ኋላ ተደገፉ። ሲንበረከክ የፊት ጉልበቱ ስለሚቀድም ያኔም መደገፉ ወደ ኋላ ነው። በአንድ እጁ ስልክ ይዞ የሚቀርጽ ሰው ካለ ሳቢው (ግመሉን የሚመራው ሰው) ግመሉን አያስነሳ።

ኮርቻው ወደ ጎን ሲያዘነብል ተጓዡ «ግመሉ ያዘነብላል» ይላል። መንስኤው የላላ ጠፍር ነው። ምንጣፎቹ ከክብደቱ በታች ስለሚረግቡ ሲነሱ የጠበቀው ጠፍር ከ10 ደቂቃ በኋላ ይላላል፤ ያኔ አቁማችሁ ድጋሚ አጥብቁ። ሻኛው ስብ ነው። በድርቅ ጊዜ ሲቀንስ አምና የተስማማው ኮርቻ ዘንድሮ ይወዛወዛል፤ መፍትሄው ምንጣፍ መጨመር ነው እንጂ ጠፍሩን ሆዱ ውስጥ እስኪገባ መሳብ አይደለም።

ግመሉ አልነሳም ሲል ዱላ ከማንሳት በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። ሲጫን ማጉረምረም የብዙ ግመሎች ልማድ ነው። ዝም የሚለው ግመል ዛሬ ከጮኸ ግን የሚነግራችሁ ነገር አለ። ኮርቻውን አንሱና መዳፋችሁን ከሻኛው ፊት፣ ከጎኑና ከኋላው በቀስታ አሳልፉ። ያበጠ፣ የጋለ፣ ፀጉሩ የተበላ ወይም ስትነኩት ቆዳውን የሚያንቀጠቅጥበት ቦታ ካለ ያ ግመል ዛሬ ሰው አይጫንበትም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በምንጣፉ እጥፋት ውስጥ የገባ አሸዋ ወይም እሾህ ስለሆነ ከመጫናችሁ በፊት ምንጣፉን አራግፉ። ቀጥሎ የግመሉን የእግር መዳፍ እዩ፤ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ ሹል ድንጋይ ይወጋዋል። እርጥብ ጭቃ ላይ ደግሞ ያንሸራትተዋልና ዝናብ በጣለበት መሬት አትሂዱበት።

ወንዱ ግመል አረፋ የሚደፍቅ፣ ከአፉ ጎን ቀይ ፊኛ የመሰለ ነገር የሚያወጣና ጥርሱን የሚያፋጭ ከሆነ የስሪያ ወቅቱ ነው። በዚህ ጊዜ የለመደው ሳቢ እንኳ ሊነከስ ይችላል። ይህን የሚያለሳልስ ዘዴ የለም፤ ከሰልፉ አውጡት።

ግመሉ የሚበረግገው ኳዶቹ ሲጠጉ ከሆነ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። ኳዶቹ ቢያንስ 100 ሜትር ርቀው ሞተር ያጥፉ፣ ሰው በእግሩ ይምጣ፣ የራስ ቁሩንም እዚያው ይተው። በእኛ እይታ በሙቀት ወቅት ጠዋት ከሆነ ግመሉ ይቅደም፣ ከሰዓት ከሆነ ኳዱ ይቅደም፤ እንስሳው በቀዝቃዛው ሰዓት ይሠራል። ግመሎቹ በሰልፍ ሲታሰሩ ቋጠሮው በአንድ መሳብ የሚፈታ ይሁን፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላውን እንዳይጎትት። ገመዱን እጁ ላይ የሚጠመጥም ሳቢም ተጓዥም አይኑር።

ጭኑ የሚላጥ ተጓዥ አጭር ሱሪ ለብሷል። ረጅም፣ ወፍራም ስፌት የሌለበት ሱሪ ይልበስ። ግመል በአንድ ጎን ያሉትን ሁለት እግሮች አንድ ላይ ስለሚያነሳ ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ወገቡን የሚያገትር ሰው ይታመማል፣ ከውዝዋዜው ጋር የሚሄድ ግን አይታመምም። ግመል የነካ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ፤ በ2012 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የታወቀው የመርስ ቫይረስ (የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ) ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል።

ሰውየው ሲደክም

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ላብና ዝለት ሲታይ የሙቀት ድካም ነው። ጥላ ሥር አስተኙ፣ ልብሱን አላሉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና ስኳር ዱቄት) ቀስ በቀስ ስጡ፤ ወደ ኳዱ አይመለስም። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ የሙቀት ምት ነው። ወዲያው ሕክምና ጥሩ፣ እስኪደርስ ሰውነቱን በውሃ እያራሳችሁ አራግቡለት፣ ራሱን ለሳተ ሰው ምንም አታጠጡ። እንዳይደርስ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ይጠጣ፤ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ያዙ።

ዓይን የሚቆጠቁጠው መነጽሩ ክፍት ስለሆነ ነው፤ ዙሪያውን የሚዘጋ ጎግል ስጡ። ሻርፑ ጫፉ ጃኬት ውስጥ ይግባ፤ የተንጠለጠለ ሻርፕ ጎማ ውስጥ ይገባና አንገት ያንቃል።

ጊዜ ሲያጥር

በግማሽ ቀን 4 ሰዓት ቢኖር ከሆቴል ማንሳትና መመለስ፣ ቅጽ መሙላት፣ የራስ ቁር መለካት ግማሹን ሊበሉት ይችላሉ። ቅጹን ከዋዜማው ላኩ፤ ተጓዡም የጉዞ ዋስትናው ኳድን ይሸፍን እንደሆነ ያኔ ያረጋግጣል፣ ብዙ ዋስትናዎች አይሸፍኑምና። ኳዱን ስትረከቡ አራቱንም ጎን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በመመለሻው ላይ «ይህ ጭረት የማን ነው» የሚለውን ክርክር ያስቀራል። አሁንም ሰዓቱ ካልበቃ ከኳዱ ዙር ላይ 20 ደቂቃ ቀንሱ እንጂ ከልምምዱ፣ ከጠፍሩ ድጋሚ ማጥበቅና ከውሃው ዕረፍት አትቀንሱ።