የሰፈር መናፈሻ ስታድሱ ከጥላው ጀምሩ

ሠላሳ ዓመት ያህል በድሬዳዋ የባቡር ሀዲድ እየተራመድኩ ስመረምር ኖሬአለሁ። ሥራው ማስታወሻ ደብተር ይዞ መሄድ ነው፤ የላላ ብሎን፣ የሰመጠ ጠጠር፣ የተደፈነ የውሃ መውረጃ ሲያጋጥም ያለበትን ኪሎ ሜትር መጻፍ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጎረቤቶቼ የሰፈራችንን መናፈሻና ወደ ገበያ የሚወስደውን የእግር መንገድ የሚያድስ ኮሚቴ እንድመራ ሲጠይቁኝ፣ ሌላ ሙያ ስለሌለኝ ያንኑ ደብተር ይዤ መጣሁ። በየሰፈራችሁ ለተመሳሳይ ሥራ ለምትነሡ ሰዎች የተማርኩትን እነሆ።

መጀመሪያ ማንም ሰው ንድፍ እንዳይስል ከልክሉ። ኮሚቴ በተሰበሰበ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወሬው ፏፏቴ፣ ዥዋዥዌና ባለ ቀለም አጥር ይሆናል፤ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ግን የለም። አንድ ሙሉ ሳምንት ውሰዱ። በየቀኑ አራት ጊዜ፣ ማለትም ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓትና ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ሄዳችሁ ማን እንዳለ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደሚሠራ ጻፉ። ዓርብና እሑድ እንዳያመልጧችሁ፤ የሰዉ አመጣጥ በእነዚህ ቀኖች ይለያል።

እኛ መናፈሻ ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ልጅ አለች። ንብረቷ የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ፔርሙስና አራት በርጩማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት «ሻይ ሻጭ፣ ከግራሩ ሥር» ብዬ ጻፍኩ። በስድስት ሰዓት ስመለስ ወደ ግንቡ ተጠግታለች። በአሥር ሰዓት ደግሞ ከግራሩ ማዶ አገኘኋት። «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ተሸክመሽ ለምን ትንከራተቻለሽ?» ብላት «አባባ፣ ጥላው ሲሄድ ምን ላድርግ? ደንበኛው እንደሆነ የሚከተለው ጥላውን ነው» አለችኝ። በማግስቱ አንድ ጣሳ ኖራ ገዛሁና በየሁለት ሰዓቱ የእያንዳንዱን ዛፍ ጥላ ጠርዝ መሬት ላይ አሰመርኩ። ማታ ላይ መናፈሻው በነጭ መስመር ተሸፍኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስለምታዘነብል ጥላ ወደ ምሥራቅ ይወድቃል። የድሬዳዋ ሰው ወደ መናፈሻ የሚወጣው ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ወንበር ከዛፉ በስተምሥራቅ ይቀመጣል። ከእኛ ስድስት የብረት ወንበሮች አራቱ በስተምዕራብ ተተክለው ስለነበር፣ ሰው በሚመጣበት ሰዓት ብረታቸው እጅ አያስነካም ነበር። የልጆች መጫወቻ ላይ ዳስ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ክዳኑን በሰሜንም በደቡብም አስረዝሙት። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ነው። በታኅሣሥ ተለክቶ የተሠራ ዳስ በግንቦት ልጆቹን ያስመታቸዋል።

ወደ ችግኝ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ አጥፍተናል። በመጀመሪያው ዓመት ሐምሌ ላይ 60 ችግኝ ተከልን። ፎቶ ተነሣን፣ ተጨበጨበ። ጥር ላይ ስቆጥር 11 ቀርተዋል። የሞቱት በፍየል አይደለም፤ በቀላል የሒሳብ ስህተት ነው። አንድ ችግኝ በዚህ ሙቀት በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ሊትር ውሃ ቢሰጠው፣ ለ60 ችግኝ በሳምንት 2,400 ሊትር፣ ማለትም 120 ጀሪካን ያስፈልጋል። ይህን የሚሸከም ሰው አልነበረንም። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ ሰዉን ቆጠርን፦ በሳምንት 40 ጀሪካን ለማምጣት ስምንት ቤተሰብ ተስማማ። 40 ጀሪካን ለ20 ችግኝ ይበቃል፤ ስለዚህ 20 ብቻ ተከልን። ጉድጓዱን 60 ሳንቲ ሜትር በ60 ቆፍሩ፤ ዙሪያውን እንደ ሳህን አጎድጉዱት፤ ላዩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት፤ ውሃውን ማታ አጠጡ። እናንተም የችግኙን ቁጥር ከጀሪካኑ ተነሥታችሁ ወስኑ።

ዝርያውን በተመለከተ፣ በስማችን የሚጠራው የድሬዳዋ ዛፍ ሲያብብ ቀይ እሳት ይመስላል፤ እኔም እወደዋለሁ። መገኛው ማዳጋስካር ነው። ነገር ግን በደረቅ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ሥሩም ወደ ላይ እየወጣ ንጣፍ ይሰነጥቃል፤ ስለዚህ ከመንገድ ቢያንስ አምስት ሜትር አርቁት። ወንበር ለምታኖሩበት ቦታ ኒም ይሻላል፤ ድርቅ ይችላል፣ ጥላውም ወፍራም ነው። ሮቃ አዝጋሚ ነው፤ ሆኖም ለልጅ ልጆቻችሁ አንድ ሁለት ትከሉ።

የእግር መንገዱን የሚያወጣው ሰው ራሱ ነው። ሣሩ የተረገጠበትን፣ አጥሩ የተቀደደበትን ተከተሉ። አንድ ጊዜ ያየሁት መናፈሻ ላይ ያማረ ንጣፍ ተሠርቶ፣ ሴቶች ከገበያ ዘንቢል ተሸክመው አጠገቡ ባለው አፈር ይሄዱ ነበር፤ ንጣፉ ዞሮ በ40 ሜትር ስለሚርቅባቸው ነው። ርቀት ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፦ 100 ሜትር በሜትር ለኩና ስንት እርምጃ እንደሚሆናችሁ ቁጠሩ። የእኔ 132 ነው። ከዚያ ወዲያ እግራችሁ ሜትር ነው።

ስፋቱን ከ1.5 ሜትር አታሳንሱ፤ ዘንቢል የያዘችና ልጅ ያዘለች ሴት ተላልፈው ማለፍ አለባቸው። ደረጃ ባለበት ሁሉ በጎኑ ተዳፋት ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 6 ሜትር ርዝመት ስጡት፣ ከዚያ ካጠረ ተሽከርካሪ ወንበር ያለው ሰው ብቻውን አይወጣውም። ኮብልስቶን ካነጠፋችሁ መካከሉ ላይ ለስላሳ የድንጋይ ጠፍጣፋ አስገቡ። ከሁሉም በላይ ውሃን አስቡ። ሀዲድን የሚያበላሸው ከባቡሩ ይልቅ ሥሩ የሚተኛው ውሃ ነው፤ የእግር መንገድም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት። ልኩን ለማግኘት ግልጽ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች አነጻጽሩ።

ከተማችንን ስለሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሳልናገር አላልፍም። በበጋ የወንዙ አሸዋ ሰፊና ባዶ ስለሚሆን ለመናፈሻ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ሰውም ይገበያይበታል፣ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ሌሊት ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። እኛ ጋ ሳይዘንብ፣ በላይኛው ተራራ በዘነበ ዝናብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ በወንዙ ሆድ ውስጥ ወንበር፣ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ማንኛውንም ሰው ማታ እንዲቆይ የሚያደርግ ነገር አታቅዱ። የእግር መንገዱን ከፍ ባለው ዳርቻ አስኪዱት፤ ከየትኛውም ነጥብ ሽቅብ የሚወጣ መውጫም ይኑረው። በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ አላስሰጠሁም።

የቢሮው ጉዳይ አጭር ነው። ቦታው የማን እንደሆነ በመሬት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ፤ ከሥሩ የውሃ ቱቦና የመብራት መስመር መኖሩን ጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔ የሚገባ ማመልከቻ ዘግይቷል፤ ክረምቱ እንዳለፈ ጻፉ። የሳምንቱን ቆጠራና ኖራው የተሰመረበትን ፎቶ አያይዙ። ለስብሰባ ስትጠሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጥሩ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን የሚጠግነውን ሰው ስም ጻፉ። የመብራቱን ባትሪ ማን ይቀይራል? የዥዋዥዌውን ሰንሰለት ማን ግራሶ ይቀባል? ስም ያልተገኘለትን ዕቃ እኛ ከዝርዝሩ ሰርዘናል፤ ፏፏቴው የቀረው በዚህ ነው።

የመጀመሪያ ሥራችን ምንም ገንዘብ አልጠየቀም። እያንዳንዱ ወንበር በአራት ብሎን የታሰረ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ጎረቤቶቼና እኔ ቁልፍና ዘይት ይዘን ሄድን፤ አሥራ ስድስቱን ብሎኖች ፈታን፣ አራቱን ወንበሮች ተሸክመን ከዛፎቹ በስተምሥራቅ አኖርናቸው። ሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ለቆጠራ ስመለስ ሦስቱ ላይ ሰው ተቀምጧል፤ በአራተኛው ጎን ልጅቷ በርጩማዎቿን ደርድራ ሻይ ትቀዳለች።