በታሪካዊ የቤዝቦል ጨዋታ ወጣት ፒቸርን እንዴት መመዘን ይቻላል

እንደ አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል ባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ካለፉት ዘመናት አንዱን መርጦ ክለብ ለሚያስተዳድር ሰው፣ ከባዱ ሥራ በማይነር ሊግ (ከዋናው ሊግ በታች ባሉት ሊጎች) ካሉት ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) የትኛው ለዋናው ሊግ እንደሚበቃ መለየት ነው። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው በድል ብዛትና በኢአርኤ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ መጠን በፒቸሩ ላይ በአማካይ በሚቆጠር ነጥብ) ከመፍረድ ነው። ሁለቱም ከፒቸሩ ጀርባ የቆሙት ተከላካዮች ጥሩ ወይም ደካማ በሆኑ ቁጥር ይለዋወጣሉ።

1. በቅድሚያ ሴቲንጉን ይክፈቱ። የተጫዋቾች ችሎታ በየዓመቱ ከእውነተኛው ታሪክ እየተሰላ የሚታደስ ከሆነ፣ የሰውየውን እውነተኛ የሥራ ዘመን ማወቅ ብዙውን ነገር ይነግርዎታል። ጨዋታው ራሱ የሚያሳድጋቸው ከሆነ ግን ታዋቂ ስም ዋስትና አይሆንም።

2. ዕድሜውን ከሊጉ ደረጃ ጋር ያስተያዩ። የ20 ዓመት ልጅ በደብል ኤ (ከዋናው ሊግ ሁለት ደረጃ ዝቅ ባለው) መካከለኛ ውጤት ቢያመጣ፣ በዚያው ሊግ ጎልቶ ከወጣ የ26 ዓመት ፒቸር ይልቅ ተስፋ አለው። ከ1963 በፊት የሚጫወቱ ከሆነ ከኤ በታች ቢ፣ ሲ እና ዲ የሚባሉ ደረጃዎችም ነበሩ፤ በዲ የተገኘ የሚያምር ቁጥር ብዙ አያስደስትዎ።

3. ስሌቱን ይሥሩ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ስትራይክአውቱንም (በሦስት ስትራይክ ያስወጣቸውን መቺዎች) ዎኩንም (በአራት የተሳሳቱ ውርወራዎች በነፃ ያሳለፋቸውን) ለገጠማቸው መቺዎች ብዛት ያካፍሉና ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ይቀንሱ። 240 መቺዎችን ገጥሞ 60 ስትራይክአውትና 24 ዎክ ካለው፣ 25 በመቶ ሲቀነስ 10 በመቶ፣ ልዩነቱ 15 ነው። 200 መቺ እንኳ ካልገጠመ ለመፍረድ ገና ነው። ያገኙትን ቁጥር ሁልጊዜ ከዚያው ሊግና ከዚያው ዓመት አማካይ ጋር ያነጻጽሩ፦ በ1925 በዋናው ሊግ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው ስትራይክአውት በአማካይ ከ3 ያንስ ነበር፣ በ2019 ግን ወደ 9 ተጠግቷል። ለ2019 ተራ የሆነው ቁጥር ለ1925 ድንቅ ነው።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በውርወራ ፍጥነቱ የታወቀው የማይነር ሊግ ፒቸር ስቲቭ ዳልኮውስኪ በሚገባ ያሳያል። በ1960 ለስቶክተን ሲጫወት በ170 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) 262 ስትራይክአውት አገኘ፤ ዎኩም 262 ነበር። ልዩነቱ ዜሮ! ያ ሁሉ ፍጥነት እያለው ዋናውን ሊግ ሳያይ ቀረ።

4. አሁን የስካውቱን (የተጫዋች መልማዩን) ነጥብ ይመልከቱ። በ20–80 መለኪያ 50 አማካይ ነው። ስታፍ ስትራይክአውትን፣ ኮንትሮል ዎክን፣ ሙቭመንት በዋናነት ሆም ራንን (መቺው ከሜዳው አሳልፎ የሚመታውን ኳስ) ይወስናል። የስካውቱ ግምት ሊሳሳት ይችላል፤ ስታፉን 70 ብሎት ሳለ ልጁ ስትራይክአውት ከሌለው፣ ውሳኔውን አንድ ወቅት ያቆዩ።

5. ውርወራዎቹን ይቁጠሩ። ሦስት ደህና ውርወራና በቂ ስታሚና (ጽናት) ያለው ስታርተር (ጨዋታውን የሚጀምር ፒቸር) ይሆናል። ሁለት ብቻ ካለው፣ ስታፉ የቱንም ያህል ቢያምር ሪሊቨር (በጨዋታው መካከል ተተክቶ የሚገባ) አድርገው ያስቡት። ለጉዳት የተጋለጠ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከፍ ባለበት ሰዓት በንግድ መለወጥ ይሻላል።

ኮንትሮል ብቻ የጎደለውን ልጅ ግን ከ25 ዓመቱ በፊት አይልቀቁ። የዶጀርስ ፒቸር የነበረው ሳንዲ ኩፋክስ በ1958 በ158 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ 105 ዎክ ሰጥቶ ነበር። በ1961፣ በ25 ዓመቱ፣ በ255 ኢኒንግ ከሁለት ሦስተኛ ዎኩ 96 ብቻ ሲሆን ስትራይክአውቱ 269 ደረሰ።