ለማረጥ ሙቀት ተልባ ለምትጠጡ

ማረጥ ላይ ሆናችሁ ያ ድንገት ከደረት ተነስቶ ፊትን የሚያነደው ሙቀት ሌሊት በላብ እያጠመቀ የሚቀሰቅሳችሁ እህቶች፣ «ተልባ ጠጪ፣ ይተውሻል» መባላችሁ አይቀርም። ተልባ ውስጥ ኢስትሮጅንን በመጠኑ የሚመስል ሊግናን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን አሜሪካ ውስጥ 188 ሴቶች ላይ ለ6 ሳምንት ሲሞከር፣ ተልባ የበሉትና ያልበሉት ልዩነት አላሳዩም። የሚገርመው በሁለቱም ወገን ከሦስቷ አንዷ ገደማ ሙቀቱ በግማሽ ቀንሶላታል! ስለዚህ ጎረቤት «እኔን አሽሎኛል» ስትል እየዋሸች አይደለም፤ ግን ያሻላት ተልባው ላይሆን ይችላል።

ለሆድ ድርቀት ግን ተልባ ሸጋ ነው፤ ተወቅጦ፣ በብዙ ውሃ። ኪኒን ካላችሁ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት፣ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ይይዘዋል።

አብሽም የምትጠጡ ካላችሁ ጠንቀቅ በሉ። የስኳር መድኃኒት ወይም ዋርፋሪን (ደም የሚያቀጥን መድኃኒት) የምትወስዱ፣ ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርድ ወይም ደም መፍሰስ ሊያመጣ ስለሚችል አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ።

ሙቀቱ እንቅልፍ ከነሳችሁ ሆርሞንም ሆነ ሆርሞን ያልሆነ የተረጋገጠ መድኃኒት አለ፤ የማህፀን ሐኪም ጠይቁ። የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ ደም ካያችሁ ደግሞ ቶሎ ታዩ፣ በቤት መድኃኒት አታስታምሙት።