በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፍሉት መለማመድ

ጅማ ላይ ክረምቱ ረጅም ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ቤቴ ውስጥ የራሴን ፍሉት እንኳ አልሰማም። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን የልምምድ ሰዓቴን የሚከፋፍልልኝ ዝናቡ ነው፤ ሲያባራ ድምፅ ላይ እሠራለሁ፣ ሲዘንብ ጣት ላይ።

ከድምፅ ልጀምር፤ ሁለት ዓመት ያባከንኩት እዚህ ላይ ነውና። ወደ ፍሉት የመጣሁት ከዋሽንት ነው። ፍሉት በጎኑ ሲነፋ ዋሽንት ጫፉ ላይ ይነፋል፣ ብዙውን ጊዜ አራት ቀዳዳ አለው፤ ቅኝት ሲቀየር ነፊው ሌላ ዋሽንት ያነሳል። ፍሉት ላይ ያን ሁሉ ቁልፍ ሳይ ጣቴን ለማፍጠን ተጣደፍኩ። ጣቴ ፈጠነ፤ የሚወጣው ግን ግማሹ ነፋስ ነበር።

ስለዚህ ጠዋት መሣሪያውን ሙሉ ከመግጠማችሁ በፊት ከንፈር የሚያርፍበትን የላይኛውን ክፍል ብቻ ያዙ። ጫፉ ክፍት ሆኖ ሲነፋ ወደ ላ የቀረበ ኖታ ይሰጣል፤ በመዳፍ ሲዘጋ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ያህል ይወርዳል። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ኖታ 8 ምት ያዙት። መሃሉ ላይ ከተንቀጠቀጠ ከንፈራችሁን አትጭመቁ፤ ትንፋሹ ከሆድ እኩል እየወጣ መሆኑን እዩ።

ከዚያ ሙሉውን ገጥማችሁ ከመካከለኛው ኦክታቭ ሲ (ከላ ቀጥላ ከምትመጣው ኖታ) ጀምሩና በግማሽ ድምፅ እየወረዳችሁ ሁለት ሁለት ኖታ አያይዙ። የምትፈልጉት ሁለተኛው ኖታ የመጀመሪያውን መልክ ይዞ እንዲወጣ ነው። ካልመሰለው ወደሚቀጥለው አትሂዱ። እኔ አንዳንድ ጠዋት ከአራት ኖታ አላልፍም፣ አይቆጨኝምም። ወደ ላይኛው ኦክታቭ ስትወጡ በኃይል መንፋት ስህተት ነው፤ የከንፈራችሁን ቀዳዳ አጥብቡና ትንፋሹ ይፍጠን።

ሌላው ብዙ ተማሪ የማያስተውለው፣ ድምፁን ስታጎሉት ኖታው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ስታሳንሱት ይወርዳል። ስልክ ላይ ያለውን ቱነር (ኖታው መውጣት መውረዱን የሚያሳየውን) ከፍታችሁ አንድ ኖታ ከለስላሳ ወደ ጎላ፣ ከጎላ ወደ ለስላሳ ውሰዱት። ሲጎላ ትንፋሹን በትንሹ ወደ ታች አዘንብሉት፤ ሲያንስ ከንፈራችሁን ወደ ፊት ገፋ አድርጋችሁ ትንፋሹን ከፍ አድርጉት። ፍሉቱ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ዝቅ ካለ ግን ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ቁልፎቹን ዘግታችሁ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ላኩበት።

ዝናቡ መጣ እንበል። አሁን ሳትነፉ ጣት ብቻ። ከሁሉም የምታስቸግረው ከዝቅተኛው ኦክታቭ ቀጥላ ከምትመጣው ዶ ወደ ሬ መሻገር ናት። ዶ ላይ የግራ ሌባ ጣትና የቀኝ ትንሿ ጣት ብቻ ተጭነዋል። ሬ ላይ ሁለቱም ይነሳሉ፤ የግራ አውራ ጣት፣ የመሃልና የቀለበት ጣት፣ ከቀኝም ሦስት ጣቶች ባንድ ጊዜ ይወርዳሉ። ብዙዎቻችን የግራውን ሌባ ጣት ማንሳት እንረሳለን፤ ሬዋ ትወጣለች፣ ግን የታፈነች ናት። ጣቶቹን ከቁልፉ ሳታርቁ፣ መስታወት ፊት ቆማችሁ፣ እያዘገማችሁ ተመላለሱ። ቀጥሎ አንዱን ረጅም አንዱን አጭር፣ ከዚያም ገልብጣችሁ ሞክሩ። ሦስት ጊዜ ሳይሰናከል ካለፈ ሜትሮኖሙን በ4 ጨምሩ።

እዚህ ስለ ቡና አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ስኳር ያለበት ቡና ጠጥታችሁ ወዲያው አትንፉ፤ ከትንፋሹ ጋር የሚገባው ስኳር የቁልፎቹን ፓድ (ቀዳዳውን የሚዘጋውን ለስላሳ ማሸጊያ) ያጣብቃል። አፋችሁን በውኃ ተጉመጥመጡ። ስትጨርሱም ውስጡን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርቁት፤ በዚህ እርጥበት ፓድ ቶሎ ያብጣል።

ስሜት የሚባለውን ደግሞ ብዙ ሰው ቪብራቶ (ድምፅን ማርገብገብ) በማብዛት ይፈልገዋል። እኔ ያገኘሁት ስንኝ ውስጥ ነው። ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ተጫወቱ፤ አምባሰልን በዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ከመንፋታችሁ በፊት የምታውቁትን ስንኝ በአፋችሁ አንጎራጉሩ፣ የት እንደምትተነፍሱም በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ዘፋኝ ቃል መሃል ላይ አይተነፍስም፤ እናንተም ሐሳቡ ሳያልቅ አትተንፍሱ። ከዚያ ቃሉን በልባችሁ እያላችሁ ንፉ፤ የሚከብደው ቃል ላይ ትንፋሹ ይክበድ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይቅጠን እንጂ ኖታው አይውረድ። የባህር ማዶ ክላሲካል ቁራጭ ስይዝም እንደዚሁ ነው የማደርገው፤ ግጥም ባይኖረው እንኳ ሐረጉ የት እንደሚያልቅ በድምፄ ዘምሬ አረጋግጣለሁ።

ማታ ጎረቤቴ እትዬ ቡና ስትቆላ በሬን ከፍቼ ትዝታ እነፋለሁ። ስንኙ መሃል ሆን ብዬ አቆማለሁ። ቀጣዩን ቃል እሷ ካንጎራጎረችው ይዤዋለሁ ማለት ነው፤ ዝም ካለች በነጋታው እዚያችው ቦታ ላይ ትንፋሼን እንደገና እመረምራለሁ።