ነርሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፤ «እችለዋለሁ» ከማለት ጀምሮ

የነርስ ስህተት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት የተሳሳተ መድኃኒት መስጠት ነው። እሱም አለ፣ እንደርስበታለን። ግን ሥራ ላይ ያለን ነርስ ቀስ በቀስ የሚጎዱት ስህተቶች አብዛኞቹ ቻርት ላይ አይሰፍሩም። ከዕውቀት ማነስም አይመጡም። የሚመጡት ደክሞኛል ላለማለት፣ አልገባኝም ላለማለት፣ ከብዶኛል ላለማለት ሲባል ነው። ዎርድ ውስጥ ይህ ጉብዝና ይባላል። እኔ ግን የብዙው ችግር ሥር እሱ ነው ባይ ነኝ።

ትንፋሽን በግምት መሙላት

ከትንሽ ከሚመስለው እንጀምር። የቫይታል ሳይን ቻርት (የግፊት፣ የልብ ምትና የትንፋሽ መመዝገቢያ) ገልብጣችሁ እዩ። የደም ግፊቱ ከሰው ሰው ይለያያል። የልብ ምቱም እንዲሁ። ትንፋሽ የሚጻፍበት መስመር ላይ ስትደርሱ ግን 20፣ 20፣ 18፣ 20፣ 20። ዎርዱ በሙሉ ተማክሮ የሚተነፍስ ነው የሚመስለው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግፊቱንና ኦክስጅኑን ማሽኑ ይነግረናል። ትንፋሽ ግን ቆሞ መቁጠር ይጠይቃል፣ ጊዜ ደግሞ የለም። ችግሩ፣ የሰው ሁኔታ መበላሸት ሲጀምር ቀድመው ከሚለወጡት ነገሮች አንዱ ትንፋሽ ነው። የጤነኛ አዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ኢንፌክሽን ደም ውስጥ ሲገባ ወይም የውስጥ ደም ሲፈስ ግፊቱ ገና ሳይወርድ ትንፋሹ 26 ሊደርስ ይችላል። ኦክስጅኑም ለጊዜው ደህና ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም ሰውየው ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ነው እዚያ ያቆየው። ያን ሰዓት ቻርቱ ላይ «20» ብሎ የጻፈ ሰው ቀዳሚውን ማስጠንቀቂያ ደመሰሰው ማለት ነው።

መላው ቀላል ነው። የልብ ምቱን ከቆጠራችሁ በኋላ የእጁን አንጓ አትልቀቁ። እንደያዛችሁ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ ጣሉና አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ትንፋሽህን ልቆጥር ነው አትበሉት። ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል።

መድኃኒት እያዘጋጁ ሰው ማናገር

ሲሪንጁ በእጅ ነው፤ ብልቃጡ ተዘቅዝቋል። አስታማሚ በሩ ላይ ብቅ ይላል፤ «ሲስተር፣ የእናቴ ጉሉኮስ አልቋል»። ስልክ ይጮኻል። የሥራ ባልደረባ የቁም ሣጥን ቁልፍ ይጠይቃል። ጎበዝ የሚባለው ነርስ ለሁሉም መልስ እየሰጠ ሥራውን የሚቀጥል ነው። ስህተቱ ይኸው ነው። የሰው ጭንቅላት ስሌትና ወሬ አንድ ላይ አይሠራም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ነው የሚሠራ የሚመስለው። በዝላዩ መሃል ነው ዶዙ (የመድኃኒቱ መጠን) የሚሳሳተው።

«ይሄን ልጨርስና መጣሁ» ማለት ነውር አይደለም። ካቋረጣችሁ ደግሞ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ። ከኦርደሩ (ከሐኪሙ ትእዛዝ) ጀምራችሁ እንደገና አንብቡ።

ስለ ኢንሱሊን ለየት አድርጌ ልናገር። የተለመደው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው ያለው። በኢንሱሊን ሲሪንጅ ካልሆነ በሌላ አይቀዳም። ዩኒት የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛው አንድ ፊደል (U) ማሳጠርም አደጋ አለው፤ ፊደሉ ዜሮ ይመስልና 10 ዩኒት የተባለው 100 ሆኖ ይነበባል። ነጥብም እንደዚሁ ነው። 1.0 ብሎ መጻፍ 10 ያስነብባል፤ ስለዚህ 1 ብቻ ይጻፍ። ከነጥብ በፊት ያለው ዜሮ ግን አይቀርም፤ 0.5 እንጂ ነጥብ አምስት ብቻ አይጻፍም።

ሌላው የታዘብኩት የ«ድብል ቼክ» አሠራራችንን ነው። አንዷ ነርስ መጥታ «4 ሚሊ ነው አይደል?» ትላለች። ሌላዋ ቀና ሳትል «አዎ» ትላለች። ይሄ ማረጋገጥ አይደለም፣ ማጨብጨብ ነው። ሁለተኛው ሰው መልሱ ሳይነገረው ኦርደሩን አይቶ ራሱ ያስላ። ከዚያ ሁለቱ መልሶች ይነጻጸሩ።

ሐኪም ለመጥራት ማመንታት

ሌሊት ነው። ተረኛው ሐኪም ገና ጋደም ማለቱ ነው። ታካሚዋ ፊቷ ልክ አይደለም፣ ግን ገና በቁጥር የተያዘ ነገር የለም። ቢጠራ ይቆጣል ብሎ መጠበቅ ይመጣል። ወይም ይደወልና እንዲህ ይባላል፤ «ዶክተር፣ ይቅርታ ረበሽኩዎት፣ አልጋ 7 ትንሽ ደስ አላለችኝም።» መልሱ የታወቀ ነው፤ «እሺ፣ እያያችኋት ቆዩ።»

ለዚህ የሚረዳ አራት ደረጃ ያለው አነጋገር አለ። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ በኋላ ወደ ሕክምና ገባ። አሁን ምን ተፈጠረ፣ ከጀርባው ምን አለ፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። «ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ዎርድ ነው። አልጋ 7 ያለችው ታካሚ ትንፋሿ 28፣ የልብ ምቷ 124 ገብቷል። ትናንት ሆዷን ተከፍታ ነው የወጣችው። ደም እየፈሰሳት እንዳይሆን ፈርቻለሁ። አሁን መጥተው እንዲያዩልኝ ነው የምፈልገው።» ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ብዙዎቻችን የምንዘለው ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው። «እኔ ምን ይመስለኛል» ማለት ከድንበር ማለፍ ይመስለናል። አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ የነበረችው ነርሷ ናት።

ርክክብ ላይም «ሌሎቹ ደህና ናቸው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ትቅር። ሁለቱ ተረኞች አልጋው ድረስ ሄደው ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የገባውን ቱቦ)፣ የሚንጠባጠበውን፣ የሽንት ከረጢቱን አብረው ይዩ። ሌላ ብዙ የምለው የለኝም።

መርፌ ሲወጋ ዝም ማለት

ጓንቱን አውልቆ፣ ጣትን በአልኮል ጠራርጎ፣ ማንም ሳያይ ወደ ሥራ መመለስ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው። አንዳንዱ ቅጽ መሙላቱ ይሰለቸዋል። አንዳንዱ «እንዴት ሆኖ ነው?» መባልን ይፈራል። አንዳንዱ ደግሞ ምርመራውን ነው የሚፈራው።

ኤችአይቪ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ በመወጋት ቫይረሱን የመያዝ ዕድል በአማካይ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ክትባቱን ሳይጨርሱ ዓመታት የሚሠሩ ነርሶች መኖራቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ከተወጋችሁ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ጣታችሁን አትጭመቁ። ወዲያው አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሻለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ነው፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም። የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። መርፌን መልሶ መክደን ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ ሴፍቲ ቦክሱን (የመርፌ መጣያውን) አጠገባችሁ ይዛችሁ ግቡ።

«ትለምጂዋለሽ» ብሎ ማለፍ

አንድ ወጣት ታካሚ ያርፋል። ነርሷ ካኑላውን ትነቅላለች፣ ገላውን ታጥባለች፣ ትሸፍነዋለች፣ ለቤተሰቡ በር ትከፍታለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አጠገቡ ላለው አልጋ ፈገግ ብላ «እንዴት አደሩ?» ትላለች። አዲስ ከሆነች ደግሞ ሲኒየሯ ትከሻዋን መታ አድርጋ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ትላታለች። በቅንነት ነው። ግን ልጅቷ የሰማችው «እዚህ አይታዘንም» የሚለውን ነው።

ሐዘን ሲዋጥ አይጠፋም፣ መልኩን ይቀይራል። ክርስቲና ማስላክ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሥራ መዛልን በሦስት ምልክት ትገልጸዋለች። ስሜት ይሟጠጣል። ሰውን እንደ ዕቃ ማየት ይመጣል። የምሠራው ሥራ ለውጥ አያመጣም የሚል ሐሳብ ይገባል። ከሦስቱ ሁለተኛውን ለይቶ ማየት ይጠቅማል፤ ሌሎቹን ውስጣችሁ ብቻ ነው የሚያውቃቸው፣ ይሄኛው ግን ከአፍ ይወጣል። ቀድሞ በስማቸው ትጠሯቸው የነበሩት ታካሚዎች «ኩላሊቱ»፣ «ስትሮኳ» መባል ሲጀምሩ ልብ በሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ መዛልን እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ስለዚህ «ደካማ ስለሆንኩ ነው» አትበሉ። የሰው ኃይል እጥረትን በማሰላሰል ልምምድ አስተካክሉ የሚል አለቃ ካለም በጨዋነት ተከራከሩት።

ከሞት ወይም ከከባድ ድንገተኛ ሁኔታ በኋላ በዚያው ዲዩቲ (የሥራ ተራ) አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይቻላል። ምን ሆነ? ምኑ ጥሩ ሄደ? አንቺስ እንዴት ነሽ? የመጨረሻው ጥያቄ አይዘለል። ከቤተሰቡ ጋር እንባ ቢመጣም ሙያ አይጎድልም። የራስን ስልክ ቁጥር ሰጥቶ ሌሊት ሌሊት የሰው አስታማሚ ሲያጽናኑ ማደር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ያደክማል።

ስህተት የሠራ ባልደረባም አለ። አልበርት ዉ የተባለው ሐኪም በ2000 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቱ ባለሙያ «ሁለተኛው ተጎጂ» የሚል ስም ሰጠው። የመጀመሪያው ታካሚው ነው፣ ይሄ አይረሳም። ግን የተሳሳተችውን ነርስ በየሻይ ክፍሉ ማማት የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ስህተት እንዲደበቅ።

ሌሊቱን በጉልበት መግፋት

17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት የሰውነት ሙቀትም ንቃትም ወደ ታች የሚወርድበት ጊዜ ነው። ከባድ ስሌት ካለ ከተቻለ ከዚያ በፊት ይሠራ፤ ካልተቻለ ሁለት ሰው ይየው። ተራ ገብቶ 20 ደቂቃ መተኛት ስንፍና አይደለም። ቡና በዲዩቲው መጀመሪያ ይጠጣ። ሊነጋ ሲል የተጠጣ ቡና ግማሹ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ሰውነት ውስጥ ነው፤ የቀን እንቅልፋችሁን ይበላዋል። መኪና የምትነዱ ከሆነ ደግሞ ከዲዩቲ ወጥቶ በእንቅልፍ ልብ መንዳት ከሁሉም የከፋው ነው።

ሽንት ይዞ መዋል፣ አልጋውን ሳያነሱ ጎንበስ ብሎ ቁስል ማጠብ፣ ታካሚን ብቻ ማንሳት፤ እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ሁሉም ያደርጋቸዋል። ወገብ ግን መለዋወጫ የለውም።

ትምህርትን ለወረቀት ብቻ መማር

ከሥራ ጎን ለጎን የሚማር ነርስ ብዙ ነው፣ ክብር ይገባዋል። ስህተቱ የሚመጣው ከሌሊት ዲዩቲ ወጥቶ ሃንድአውት ላይ ቀለም እያሰመሩ ሲያነቡት ነው። ሲነበብ የገባ ይመስላል፣ ፈተና ላይ ይጠፋል። ደብተሩን ዘግታችሁ ያነበባችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሙት። ከየዲዩቲው አንድ ታካሚ፣ አንድ ጥያቄ ያዙ፤ ይሄ ሰው ይሄ መድኃኒት ለምን ታዘዘለት? ማታ እሱን ብቻ አንብቡ። ፊቱን የምታውቁት ሰው ስላለበት አይረሳም።

ፓትሪሺያ ቤነር በ1984 እ.ኤ.አ. ነርስ ከጀማሪ እስከ ሊቅ አምስት ደረጃ እንደሚያልፍ ጽፋለች። ብዙዎች የሚስቱት፣ ደረጃው ለሰው ሳይሆን ለሰውና ለቦታው መሆኑን ነው። አሥር ዓመት የሕፃናት ዎርድ የሠራች ነርስ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትዛወር ብዙ ነገር ላይ ጀማሪ ትሆናለች። መጠየቅ አለባት። ግን «አሥር ዓመት ሠርታ ይሄን አታውቅም?» እንዳይባል ዝም ትላለች፤ ቬንቲሌተሩ (የመተንፈሻ ማሽኑ) ሲጮኽ አላርሙን ታጠፋለች። ተቀባዮቹ በመጀመሪያው ቀን «ምኑን ላሳይሽ?» ቢሏት ግማሹ ይቀላል።

ለተጨማሪ ዲዩቲ ሁሌ «እሺ» ማለት

እረፍት ቀን ላይ ስልክ ሲመጣ «ዛሬ አልችልም» በቂ መልስ ነው። ልጄ ታሟል፣ እንግዳ አለብኝ ማለት አይጠበቅባችሁም። ለነገሩ ምክንያት ስትደረድሩ «ታዲያ ግማሽ ቀን ብቻ?» ይመጣል። የዎርድ ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ የዲዩቲ ፕሮግራሙን ቢያንስ ከወር በፊት ለጥፉት። የሚማረው ፈተናውን፣ ልጅ ያላት ልጅ ጠባቂዋን የምታመቻቸው እሱን አይታ ነው፤ በዋዜማው የተለጠፈ ፕሮግራም ማንንም አይጠቅምም።